«ተወረሰ» እና «ተወረሰብን»

አያቴ ስለ ድሮ ቤታቸው ሲያወሩ አንድም ቀን «ተወረሰ» ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ «ተወረሰብን» ነው የሚሉት። መሳቢያቸው ውስጥ አጣጥፈው ያስቀመጡት ወረቀት ላይ ግን «የተወረሰ ቤት» ተብሎ በታይፕ ተጽፏል። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው፤ «ብ» እና «ን»። እኔ ወረቀቱን እና አያቴን አስታርቄ አላውቅም።

አማርኛችን እንዲህ ያለ ጸጋ አለው። ግሱ ጫፍ ላይ «ልን» ካለ ነገሩ ጠቅሞናል፤ «ብን» ካለ ጎድቶናል። ዘነበልን፣ ዘነበብን። ተፈረደልን፣ ተፈረደብን። መንገደኛው ሳይጠይቅህ ሐዘንህን ወይ ደስታህን ከግሱ ጭራ ላይ ያነባል። አዋጅና የመንግሥት ደብዳቤ ግን ይህችን ጭራ አይወዷትም። ይቆርጧታል። የሚቀረው ማን እንደወሰደና ከማን እንደተወሰደ የማያሳይ ልሙጥ ግስ ነው፦ ተወረሰ፣ ተላለፈ፣ እንዲሆን ተደረገ።

ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ጭራቸው ስለተቆረጠ ቃላት ነው። በተለይ በ1967 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን መሬትና ቤት ወደ መንግሥት እጅ ሲገባ አብረው ስለመጡት።

መጀመሪያ የሆነውን በአጭሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 31ን አወጣ። የገጠር መሬት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19፣ አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። የከተማ ቦታ ሁሉና «ትርፍ ቤት» የሚባለው የመንግሥት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን በአንደኛው የገጠር መሬቷን፣ በሁለተኛው በከተማ የምታከራያቸውን ቤቶችና ሕንፃዎች አጣች።

የገጠሩ አዋጅ ማንም ሰው፣ የንግድ ድርጅት ወይም ሌላ ድርጅት መሬት በግል ሀብትነት መያዝ አይችልም ይላል። ቤተ ክርስቲያን የገባችው «ሌላ ድርጅት» ውስጥ ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የወጣው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗን ስሟን ጠርቶ ይናገር ነበር። አሁን «ሌላ» ሆነች። አንድን ትልቅ ነገር ለመንካት ስትፈልግ ስሙን አለመጥራት ጥሩ ዘዴ ነው። ታቦት የነካ አይመስልም።

ወደ ግሱ ልመለስ። «መውረስ» ራሱ የሚገርም ምርጫ ነው። በደህናው ጊዜ ሰው የሚወርሰው ከሞተ ሰው ነው። አባት ይሞታል፣ ልጅ ይወርሳል። መንግሥት «ወረሰ» ሲባል ባለቤቱ በቁሙ ሞቶ ተቆጥሯል ማለት ነው። ሕያው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ እያየ ቤቱ ይወረሳል። ቃሉን ግን ደርግ አልፈጠረውም። ድሮም በመንግሥት ላይ ያመፀ ሰው «ሀብት ንብረቱ ይወረስ» ይባልበት ነበር፤ ቅጣት ነበር ማለት ነው። በ1967 የሆነው አዲስ ነገር ቃሉ ከጥፋቱ መለያየቱ ነው። ማንም ሳይከሰስ፣ ማንም ሳይፈረድበት፣ የቅጣቱ ስም ብቻውን መጣ።

ሌላም ነገር አለ። «ርስት» የሚለው ቃል ራሱ የተገኘው «ወረሰ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። «ርስቱ ተወረሰ» ስንል በአንድ ሥር ሁለት ተቃራኒ ነገር እየተናገርን ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዕድሜውን ሙሉ የሰማው «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» የሚል ምርቃት ነው። ለቅሶ ቤት የሚባለው፣ እዝን የሚያርፍበት ቃል ነው። ያ ቃል አንድ ጠዋት በራዲዮ ተገልብጦ መጣ። ሰው መንግሥትን ይወርሳል ሲባል የኖረው፣ መንግሥት ሰውን ወረሰ ተባለ።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤትነት አንድ ነገር ካልተባለ ሥዕሉ ይዛባል። «የቤተ ክርስቲያን መሬት» የሚባለው አብዛኛው ዛሬ እኛ በምናውቀው መንገድ፣ ካርታ ተይዞለት የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት አልነበረም። ጉልት ሲባል በዋናነት ግብር የመቀበል መብት ነው። ገበሬው ያርሳል፤ ለቤተ መንግሥት ሊገባ የሚገባው ግብር ለደብሩ ይገባል። ሰሞን የሚባለውም ግብሩ ለቤተ ክርስቲያን የተተወ መሬት ነበር። ካህኑ፣ ደብተራው፣ ቀዳሹ እየቀደሰና እየዘመረ በአገልግሎቱ ልክ ይበላ ነበር። ስለዚህ ሲወሰድ የተወሰደው አፈር ብቻ አይደለም። የገጠር ደብር የደመወዝ መዝገብ ነው የተዘጋው። ለገጠሩ ካህን «የፊውዳል ሥርዓት ተገረሰሰ» የሚለው አነጋገር ትርጉሙ የነገ እራት ነበር።

«ሲሶ ለንጉሥ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ላራሽ» የሚባል አባባል አለ። በአብዮቱ ዘመን ይህ አባባል ከአባባልነት ወደ ስታቲስቲክስ ተሻገረ። የሀገሪቱ ሲሶ መሬት የቤተ ክርስቲያን ነበር እየተባለ ተጻፈ፣ ዛሬም ይጻፋል። የዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ መሬት ግን ሙሉ በሙሉ ተለክቶ አያውቅም ነበር። በተለይ የሰሜኑ ርስት በገመድ እንዳይነካ ገበሬው ራሱ ይከላከል ነበር። ያልተለካ ነገር ሲሶው ይታወቃል? አባባሉ ቤት ስለሚመታ ብቻ ቁጥር ሆነ።

አንድ ሐቅ ግን መዋጥ አለበት። ለስላሳ ቃል ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ አይሠራም ነበር። «መሬት ላራሹ» የተባለው በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አደባባይ ይዘውት ሲወጡ እውነተኛ ቁስል ላይ አርፎ ነው። በደቡብ ያለው ጭሰኛ ካመረተው ላይ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ይሰጥ ነበር። ባለመሬቱ ባላባት ይሁን ደብር፣ ለእሱ ለጎተራው ልዩነት የለውም። አዋጁ ሲነገር አዲስ አበባ ላይ ለድጋፍ የወጣው ሰልፈኛ ተገድዶ አልነበረም የወጣው። ያ ጭሰኛ «ታወጀልን» አለ። ትክክል ነው። አያቴም «ታወጀብን» አሉ። እሳቸውም ትክክል ናቸው። አዋጁ ሁለቱንም ጭራዎች ቆርጦ «ታወጀ» አለ፤ የሁለቱም ሰው ጉዳይ በአንድ ቃል ተዘጋ።

ደግሞስ ጭሰኛው በትክክል ምን አገኘ? «የሕዝብ ሀብት» የሚለውን ሐረግ ቀስ ብለን እናንብበው። ሕዝብ ፊርማ የለውም። ሕዝብ ፍርድ ቤት ቀርቦ «መሬቴ ነው» አይልም። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ የመጠቀም መብት ተሰጠው፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት ተከለከለ። ሲሞት ሚስቱ ወይም ልጆቹ መጠቀም ይችላሉ፤ ርስት አድርገው ግን አይወርሱትም። እስቲ እዩት፤ በዚያ ዓመት በሀገሩ ላይ «ወረሰ» ተብሎ በሙሉ አፍ የሚነገርለት መንግሥት ብቻ ሆነ። ካሳም ቢሆን ለመሬቱ፣ ለደኑና ለቋሚ ተክሉ እንደማይከፈል አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ለተንቀሳቃሽ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተሠራ ቋሚ ሥራ «ተገቢ ካሳ» ይላል። «ተገቢ» ምን ያህል እንደሆነ ለሰፊው ሕዝብ ምናብ የተተወ ነው።

የሐምሌው አዋጅ ደግሞ «ሕዝብ» የሚለውን ጨዋታ ተወት አድርጎ በቀጥታ «መንግሥት» አለ። በገጠሩ ሕዝብ፣ በከተማው መንግሥት። ምናልባት በገጠር የሚሰጠው ሰው ስለነበረ ነው፤ በከተማ ግን ኪራይ የሚሰበስብ አካል ነበር የሚፈለገው። እንደ ኪራዩ መጠን ትንሹ ወደ ቀበሌ፣ ከፍ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ።

ከሁሉም የምወደው ቃል ግን «ትርፍ» ነው። መውደዴ በቋንቋ ሰውነቴ እንጂ በሌላ አይደለም። በገበያ ትርፍ የሚመኙት ነገር ነው። በታክሲ ውስጥ ግን «ትርፍ አትጫን» ይባላል፤ ትርፍ የተባለው ተሳፋሪ ትራፊክ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል ወይ ይወርዳል። «ትርፍ ቤት» የመጣው ከታክሲው በኩል ነው። ከምትኖርበት በላይ ያለህ ቤት የተረፈ፣ የተዝረከረከ፣ ማንም ቢያነሳው ምንም የማይጎዳህ ነገር ሆነ። አሁን ለቤተ ክርስቲያን እንተርጉመው። ቤተ ክርስቲያን የምትኖርበት ቤት የትኛው ነው? መቅደሱ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። በኪራዩ የሚተዳደረው የአብነት ተማሪ፣ የሚገዛው ጧፍና ዕጣን፣ የሚታደሰው ጣሪያ በዚህ ሒሳብ ትርፍ ናቸው። ቃሉ ክርክሩን ሳይጀመር ጨረሰው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ቢመስል ስህተት ነው። ደርግ የቆመበት መስመር ረጅም ነው።

እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1536 ገዳማትን መዝጋት ሲጀምሩ፣ የገዳማቱን ንብረት የሚረከብ አንድ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ስሙ በእኛ አፍ «የንጉሡ ዘውድ ገቢ ማበልጸጊያ ፍርድ ቤት» እንደማለት ነው። ማበልጸጊያ! መነኮሳቱም በገዛ ፈቃዳችን አስረከብን እያሉ ይፈርሙ ነበር። የግላስተንበሪው አበምኔት ግን እሺ ብሎ አላስረከበም፤ በ1539 ተሰቀለ። «በፈቃድ» የሚለው ቃል ጎኑ ላይ ምን እንደቆመ ከዚህ ይታያል።

የፈረንሳዩ ግን የቃል ጥበብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1789 መንግሥቱ ካዝናው ባዶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሬት ቢሸጥ ዕዳው ይቃለላል ብሎ ሐሳቡን ጥቅምት ወር ላይ ያቀረበው ታሌራን የሚባል የኦተን ከተማ ጳጳስ ነው። ጳጳስ! የብሔራዊ ጉባኤው አባል ሚራቦ ቀጥሎ «የንብረቱ ባለቤት ሕዝቡ ነው» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ጉባኤው አጉረመረመ። «ባለቤት» የሚለው ቃል የሰው ጉሮሮ ላይ ቆመ፤ ዛሬ የቤተ ክርስቲያንን ባለቤትነት ካፈረስክ ነገ የእኔንስ? ስለዚህ ቃሉ ተቀየረ። ንብረቱ «የሕዝቡ ነው» መባሉ ቀርቶ «ሕዝቡ እንዲያዝበት ተሰጥቷል» ተባለ። ማን ነው ባለቤቱ? ዝም። እንዲያዝበት ብቻ። ኅዳር 2 ቀን ድምፅ ሲሰጥ 510 ለ346 አለፈ። በምትኩ መንግሥት የካህናቱን መተዳደሪያ፣ የአምልኮውን ወጪና የድሆችን ርዳታ እችላለሁ አለ። በቀጣዩ ወር «አሲኛ» የተባለው የመንግሥት የዕዳ ወረቀት ታወጀ፤ መሬቱ መያዣው ሆነ። ንብረቱም ስም ወጣለት፦ «የብሔር ሀብት»። በዚያ ስም ለገዢ ተቸበቸበ። ባለቤትነቱ ያልተነገረለት ነገር እንዴት እንደሚሸጥ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሩሲያ ላይ ቃሉ ደረቅ ነው፤ የቢሮ ቃል። በፈረንጆቹ 1922 በቮልጋ አካባቢ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። በየካቲት ወር የወጣው ድንጋጌ ከአብያተ ክርስቲያናት የወርቅ፣ የብርና የዕንቁ ንዋያት «እንዲወጡ» ይላል። መንጠቅ አላለም፣ መውረስም አላለም። መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ እንደሚወጣ፣ «እንዲወጡ»። ፓትርያርክ ቲኮን ለአምልኮ ያልተቀደሱት ቢሰጡ ፈቀደ፤ የተቀደሱትን ግን መንካት ርኩሰት ነው አለ። ሹያ በምትባል ከተማ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ከብቦ ቆመ፤ ተተኮሰበት፣ ሰው ሞተ። ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 19፣ ሌኒን ለጓዶቹ በጻፈው ምሥጢራዊ ደብዳቤ ረሃቡ የማይደገም ምቹ ጊዜ መሆኑን፣ ንዋያቱን ያለ ርኅራኄ መውሰድ የሚቻለው አሁን መሆኑን አስፍሯል። አደባባይ ላይ ምክንያቱ ረሃብተኛው ነበር። ደብዳቤው ውስጥ ረሃብተኛው ምክንያት ሳይሆን አጋጣሚ ነው። አንድን ለስላሳ ቃል በትክክል ለማንበብ ከፈለጋችሁ የውስጡን ደብዳቤ ፈልጉ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ70 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ቤታችን። ንብረቱ ከሄደ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን የመጣው ቃል «ድጎማ» ነው። መንግሥት በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣት ጀመር። የራስህን ወስዶ ቀንሶ ሲመልስልህ ስሙ ድጎማ ነው። ተቀባዩ አመስጋኝ መሆን ይጠበቅበታል፤ አጉል ቢሆን ድጎማው ሊቀር ይችላልና። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ከመንበራቸው ወረዱ፤ በኋላም ታስረው ተገደሉ። የእሳቸውም መውረድ ቢሆን «ከሥልጣን ተነሡ» በሚል ግስ ነው የሚነገረው። መነሣት በቤተ ክርስቲያን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቤተ ክርስቲያኒቱን ያቆያት ግን ድጎማው አይመስለኝም። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በ1965 ዓ.ም. ባወጡት የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ መሠረት የሰበካ ጉባኤ መደራጀት ጀምሮ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ምእመኑ ከኪሱ ማዋጣት ያዘ። ይህንንም «ራስን መቻል» አልነው። ቆንጆ ቃል ነው፣ ኩራትም አለበት። ግን እግሩን የተመታ ሰው በምርኩዝ ሲሄድ «ራሱን ቻለ» እንደማለት ነው፤ እውነት ነው፣ ሙሉው ግን አይደለም።

ከቤተ ክርስቲያን ከተወሰዱት ነገሮች አንዱ ደግሞ በየትኛውም አዋጅ አልተጻፈም። ቃል ነው። «ደርግ» ራሱ የግእዝ ቃል ነው፤ ኮሚቴ ማለት። «ሊቀ መንበር»ም «ሊቀ ጳጳስ» እና «ሊቀ ካህናት» ከሚሰፉበት ጨርቅ የተቀደደ ነው፤ መንበር ታቦት የሚያርፍበት፣ ፓትርያርክ የሚቀመጥበት ነበር። ወታደሮቹ ሶሻሊዝምንም በታኅሣሥ 1967 ሲያስተዋውቁ «ኅብረተሰባዊነት» ብለው ነው ያጠመቁት። ጆሮ የለመደው ዜማ ሲኖረው ነገሩ አይጎረብጥም። እኔ ይህን ውርስ ከሕንፃዎቹ ይልቅ አደንቀዋለሁ፤ ካሳ የማይጠየቅበት ነውና።

ነገሩ የኦርቶዶክስ ብቻም አልነበረም። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሠራጭ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወረሰና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ማሠራጫው ያው፣ ስቱዲዮው ያው። ብሥራት የሚያወራው አፍ ብቻ ተቀየረ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የመጣው ቃልም የራሱ ጣጣ አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 አግባብ ካላቸው አዋጆች ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች እንዲመረመሩ ይላል። ሕዝቡ አሳጥሮ «ከአዋጅ ውጭ» ይለዋል። ልብ በሉ፤ ያለ አዋጅ ከሆነ «ተወሰደ»፣ በአዋጅ ከሆነ «ተወረሰ»። የመጀመሪያው ይመረመራል፤ ሁለተኛው አብቅቷል። አንድ ባለንብረት ቤቱን ለማስመለስ በደል ደረሰብኝ ማለት አይበቃውም፤ የተበደለው በትክክለኛው ወረቀት አለመሆኑን ማሳየት አለበት። መሬቱ ደግሞ በዚያው ዓመት በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 እንደገና የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ።

ያም ሆኖ ከጊዜ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ቤቶችና ሕንፃዎች አሉ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሰፈራችን ካለው ደብር አጥር ጋር የተጣበቀ ረድፍ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የቤት ቁጥር። ውስጡ ለሃያ ዓመት በጥቂት ብር ኪራይ የኖሩ እማማ ነበሩ። በየጠዋቱ የደብሩን በር ሳይሳለሙ ወደ ሥራ አይሄዱም። ቤቱ ሲመለስ ዜናውን ቀድሜ የነገርኳቸው መስሎኝ በደስታ ሮጬ ገባሁ።

«እማማ፣ ቤቱ እኮ ለቤተ ክርስቲያን ተመለሰ!»

ቡናውን ከረከቦቱ ላይ እያነሱ ቀና አሉ።

«አዎ ልጄ» አሉኝ፤ «ተመለሰብን።»